የጣሳ ማሲንቆ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ስለ ሊጥ ከሆነ አባባሉ እውነት ይሆናል። ልጆች የሚሠሩት ነገር ሁሉ ግን እንደ ሊጥ አይደለም። ልጆች ከባዶ ጣሳ ማሲንቆ ይሠራሉ። ከሸምበቆ ዋሽንት ይቆርጣሉ። ከዱባ ቅጠል አገዳ ጥሩምባ ያበጃሉ። በተሰበረ እንስራ አፍ ላይ ቁራጭ ቆዳ ወጥረው ከበሮ ይመታሉ። ትልቁ ሰው ይህን ሲያይ «የልጅ ነገር!» ብሎ ያልፋል። አንዳንዱም ይቆጣል። «ከብቱ እህል ውስጥ ገብቶ አንተ ጣሳ ትመታለህ?» እያለ ይነጥቃል።

ቁጣው ምክንያት አለው። ከብት ቡቃያውን ከጨረሰው የዓመት ልፋት ከንቱ ይቀራል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ይህ የልጅ ጣሳ ጨዋታ ብቻ ነው ወይስ ትምህርትም አለበት? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ አብረን እንመረምራለን። የሙዚቃ መሣሪያውንም ደረጃ በደረጃ እንሠራለን።

ድምፅ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ አንድ ሙከራ እናድርግ። ከበሮ አምጡና ቆዳው ላይ ጥቂት ጤፍ በትኑ። ከዚያም ዳር ዳሩን በቀስታ ምቱት። ጤፉ ይዘላል። ጤፉ የዘለለው ቆዳው ስለሚርገበገብ ነው። ክራር ስትመቱም ክሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ወዲያና ወዲህ ይላል። በጣታችሁ ብትይዙት መርገብገቡ ይቆማል፤ ድምፁም አብሮ ይቆማል።

እንግዲህ ድምፅ ማለት ይኸው ነው። አንድ ነገር ሲርገበገብ አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል። የተገፋው አየር የሚቀጥለውን ይገፋል። እንዲህ እየተገፋፋ ጆሯችን ይደርሳል። ይህን መርገብገብ መምህራን «ርግብግቢት» ይሉታል።

ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ብርሃን ግን ከዚህ እጅግ ይፈጥናል። ስለዚህ መብረቁ አስቀድሞ ይታየናል፤ ነጎድጓዱ ቆይቶ ይሰማናል። መብረቁን አይታችሁ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ 3 ሴኮንድ ከቆጠራችሁ መብረቁ የወደቀው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው።

የቡሄ ጅራፍስ ለምን እንደሚጮህ ታውቃላችሁ? ልጁ ጅራፉን ሲያጮህ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ የበለጠ ይፈጥናል። ያን ጊዜ አየሩ በድንገት ተገፍቶ «ጧ!» ይላል። የእኛ ልጆች በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በገዛ እጃቸው በገመዱት ጅራፍ ድምፅን ይቀድማሉ ማለት ነው። ይህን «የልጅ ነገር» ብቻ ብለን ልንተወው አንችልም።

ቀጭን ድምፅና ወፍራም ድምፅም የሚለያዩት በርግብግቢት ብዛት ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚርገበገብ ነገር ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ጥቂት ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ይሰማል። ሰው ሲያረጅ ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት ይቀንሳል።

የጣሳ ማሲንቆ አሠራር

የልጆች የጣሳ ማሲንቆ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚያስፈልጉት ባዶ የምግብ ጣሳ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት፣ የናይለን ክር ወይም ቀጭን ሽቦ፣ ጥቂት የፈረስ ጭራ፣ እንዲሁም ትንሽ ዕጣን ናቸው።

1. የጣሳውን ክፍት አፍ ጠርዝ በድንጋይ ደብድባችሁ ወደ ውስጥ አጥፉት። ስለታም ጠርዝ ከቀረ ልጁን ይቆርጠዋል።

2. ጣሳው በተዘጋው ፊቱ በኩል፣ ከጎኑ ላይ፣ ትይዩ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ብሱ። ይህን ትልቅ ሰው ይሥራው።

3. እንጨቱን በሁለቱ ቀዳዳዎች አሳልፉት። በታች በኩል ሁለት ጣት ያህል ይውጣ። የቀረው ወደ ላይ ይርዘም። ይህ የማሲንቆው አንገት ነው።

4. በአንገቱ ጫፍ አንድ ቀዳዳ ብሱና ጠበቅ ያለ እንጨት ክተቱበት። ይህ መቃኛው ነው። ሲዞር ክሩን ይወጥራል።

5. ክሩን ከታች በወጣው እንጨት ላይ እሰሩ። በተዘጋው የጣሳ ፊት ላይ አሳልፋችሁ ወደ መቃኛው ውሰዱት። በክሩና በጣሳው መካከል ትንሽ እንጨት አቁሙ። ክሩ በዚህች እንጨት ላይ ይረፍ።

6. ለምለም ቅርንጫፍ ጎብጦ እንዲደርቅ አድርጉና ጭራውን በሁለቱ ጫፍ እሰሩ። ደጋኑ ይኸው ነው። ጭራውን በዕጣን እሹት። ዕጣን ያልነካው ጭራ ክሩ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ድምፅ አይሰጥም። ዕጣን የነካው ክሩን እየያዘ ይለቀዋል፤ ክሩም ይርገበገባል።

ጣሳው ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። ክር ብቻውን ቀጭን ስለሆነ ብዙ አየር መግፋት አይችልም። ድምፁ ከአጠገብ እንኳ በደንብ አይሰማም። ክሩ በትንሿ እንጨት በኩል ጣሳውን ሲያርገበግበው ግን ሰፊው የጣሳ ፊት ብዙ አየር ይገፋል። በትልቁ ማሲንቆ ላይ የተወጠረው ቆዳ የሚሠራው ሥራ ይህንኑ ነው።

ሦስት ሙከራዎች

ማሲንቆው ከተሠራ በኋላ ልጁን ሦስት ነገር አስሞክሩት።

አንደኛ፣ ክሩን መጀመሪያ እንዳለ ይምታው። ቀጥሎ እመካከሉ ላይ በጣቱ ይዞ ይምታው። የሚርገበገበው ክር በግማሽ ሲያጥር ርግብግቢቱ እጥፍ ይሆናል። ድምፁ ያው ድምፅ ይመስላል፤ ግን ቀጥኖ ወደ ላይ ይወጣል። ወንድና ሴት አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ ብዙ ጊዜ እንደሚሰማው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መቃኛውን ያዙረው። ክሩ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። ሲላላ ይወፍራል።

ሦስተኛ፣ ክሩን ፈትቶ በወፈረ ክር ይለውጠው። እኩል ቢወጠርም የወፈረው ክር ከባድ ስለሆነ ዝግ ብሎ ይርገበገባል። ድምፁም ይወፍራል።

ማጠር፣ መወጠር፣ መቅጠን፤ ሦስቱ ሕጎች እነዚህ ናቸው። ክራር የሚቃኝ ሰው በእነዚህ ይሠራል። አሥር አውታር ያለው በገናም፣ የፈረንጅ ፒያኖም በእነዚህ ይሠራሉ። ጣሳውን የያዘው ልጅ የእነሱን ዕውቀት በእጁ ይዟል።

አምስት ሸምበቆ፣ አምስት ድምፅ

የትንፋሽ መሣሪያም ሕጉ ይመሳሰላል። ልዩነቱ በሸምበቆ ውስጥ የሚርገበገበው አየሩ ራሱ መሆኑ ነው። ረጅም ሸምበቆ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። አጭር ሸምበቆ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ቀዳዳዎቹን በጣቱ የሚከፍትና የሚዘጋው የአየሩን ርዝመት ለመለወጥ ነው።

ለሕፃናት ግን ቀዳዳ መብሳት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ውፍረታቸው እኩል የሆነ አምስት ሸምበቆ ቁረጡ። የእያንዳንዱ ታች በአንጓ የተዘጋ ይሁን። ላዩ ክፍት ይሁን። ከአፉ እስከ አንጓው ያለው የውስጥ ጥልቀት በማስመሪያ ሲለካ እንደሚከተለው ይሁን፦

የመጀመሪያው 18 ሳንቲ ሜትር፣
ሁለተኛው 16 ሳንቲ ሜትር፣
ሦስተኛው 14 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣
አራተኛው 12 ሳንቲ ሜትር፣
አምስተኛው ወደ 11 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ።

አነፋፉ እንደ ጠርሙስ አፍ ነው። ከንፈር በጠርዙ ላይ ያርፋል፤ ትንፋሹ በአፉ ላይ አግድም ያልፋል። ሁሉንም ስትቆርጡ መጀመሪያ ትንሽ አስረዝሙ። ከዚያ እየነፋችሁ በጥቂት በጥቂቱ ከርክሙት። የረዘመ ይቆረጣል፤ ያጠረ ግን አይቀጠልም።

አምስቱ በተራ ሲነፉ የምታውቁትን ነገር ትሰማላችሁ። በአገራችን ዜማ አራት የታወቁ ቅኝቶች አሉ። እነሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። ከላይ በተሰጠው ልክ የተቆረጡት ሸምበቆዎች ከትዝታ ቅኝት አንዱን ይሰጣሉ።

ቁጥሩንም አስተውሉ። 18ን ለሦስት ብትከፍሉት 6 ይሆናል። ከሦስቱ እጅ ሁለቱ 12 ነው። የመጀመሪያውና አራተኛው ሸምበቆ አብረው ሲነፉ ደስ ብሎ የሚስማሙት ስለዚህ ነው። ሒሳብና ዜማ የተዋወቁት በደብተር ላይ ብቻ አይደለም። በሸምበቆም ላይ ይገናኛሉ።

አንዱ ብቻውን፣ ሁሉም አብረው

አንድ ልጅ አንድ ሸምበቆ ብቻ ቢይዝ ምን ዜማ ይወጣዋል? ብቻውን ምንም አይወጣውም። አምስት ልጆች አንዳንድ ይዘው ተራቸውን ጠብቀው ቢነፉ ግን ሙሉ ዜማ ይወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህም ይሠራል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ እምቢልታ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ሲነፉት ግን ለክብር በዓል የሚበቃ ዜማ ይሆናል። በደቡብ ኢትዮጵያ የደራሼ ሕዝብ «ፊላ» የተባሉትን የትንፋሽ መሣሪያዎች ብዙ ሆኖ እየተቀባበለ ይነፋል፤ እየነፋም ይጨፍራል።

በባሕር ማዶም እንዲሁ ያለ ታሪክ አለ። በጀርመን አገር በርኽተስጋደን በተባለ ተራራማ ስፍራ የሚኖሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የልጆች መጫወቻ ከእንጨት በመጥረብ የታወቁ ነበሩ። ከሚሠሩት ውስጥ ትንንሽ ጥሩምባ፣ ከበሮ፣ ማንቋቋቻ፣ እንዲሁም እንደ ወፍ የሚጮኽ ፉጨት ይገኙበት ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት አንድ ሙዚቀኛ ለእነዚህ መጫወቻዎችና ለባለ አውታር መሣሪያዎች አንድ ላይ የሚሆን ድርሰት ጻፈ። «የመጫወቻዎች ሲምፎኒ» ይባላል። የጻፈው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ ሃይድን ነው አሉ። ሌሎቹ የታላቁ ሞዛርት አባት ሊዮፖልድ ነው አሉ። ኤድሙንድ አንገረር የተባለ መነኩሴ ነው የሚሉም አሉ። ስለ አንድ የልጆች መጫወቻ ሙዚቃ ይህን ያህል ክርክር መነሣቱ ራሱ ሥራው እንዳልተናቀ ያሳያል።

ከመጫወቻ ወደ መድረክ

አልበርት ሾንኸት የተባለ ጀርመናዊ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። ሥራውም የልጆችን መጫወቻ ፒያኖ መጠገን ነበር። በዚያ ዘመን በትንሹ ፒያኖ ውስጥ የሚመታው መስተዋት ስለነበር በየጊዜው ይሰበር ነበር። ሾንኸት መስተዋቱን በብረት ለወጠው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1872 ፊላደልፊያ በተባለ ከተማ የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ።

በ1948 እ.ኤ.አ. ጆን ኬጅ የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ለዚህ የልጆች ፒያኖ ድርሰት ጻፈ። የተጠቀመው በዘጠኝ ድምፆች ብቻ ነው። ከእሱ በኋላ በሲንጋፖር የተወለዱት ማርጋሬት ሌንግ ታን የልጆችን ፒያኖ በትልቅ መድረክ በመጫወት ታወቁ።

ሜሎዲካ የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ። በአፍ ይነፋል፤ በጣት ደግሞ እንደ ፒያኖ ቁልፎቹ ይነካሉ። በብዙ አገር የትምህርት ቤት ልጆች ይለማመዱበታል። በጃማይካ ደሴት ግን ኦገስተስ ፓብሎ የተባለ ወጣት ይህንኑ የልጆች መሣሪያ ይዞ የሬጌን ሙዚቃ ከፍ አደረገ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው ሸክላዎች የአንዱን ስም «ከአባይ ወንዝ በስተ ምሥራቅ» ብሎ ሰየመው። ፓብሎ በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሞትም ሙዚቃው ይሰማል። «ይህ የልጅ ዕቃ ነው» ብሎ ቢጥለው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ንቀት ምን ያጠፋል?

በአንድ መንደር የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ አባት የልጃቸውን የጣሳ ማሲንቆ ከእጁ ነጥቀው እሳት ውስጥ ጨመሩት። «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው ወይ?» አሉት። ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ እሳቱን አየ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያው ቀበሌ ሠርግ ነበር። እኒሁ አባት ተነሥተው በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር ለጠፉ።

እስቲ እንፍረድ። ሠርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም። ስንደሰት የምንጠራውን ሰው፣ ደስታው ሲያልፍ ለምን እንንቀዋለን? ማሲንቆ ቆዳ ይፈልጋል፤ ቆዳውን የሚያለፋው ሰው «ፋቂ» ተብሎ ተንቋል። እንጨቱ በስለት ይጠረባል፤ ስለቱን የሠራው «ቀጥቃጭ» ተብሎ ተንቋል። የሚጫወተው ደግሞ «አዝማሪ» ተብሎ ተንቋል። ማረሻችንን የሚሠራልንም ያው ቀጥቃጭ ነው። እጀ ብልሆችን የናቀ ሕዝብ ዕቃውን ሁሉ ከሩቅ ገዝቶ ይኖራል።

ጨዋታ ያለ ዕውቀት አይገኝም። አዲስ አበባ ባለው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ከፒያኖ ጋር እኩል ትምህርት ሆነው ይሰጣሉ። ሴት ልጅም ወደኋላ አትቅር። አስናቀች ወርቁ በክራር አጨዋወታቸውና በቴአትር በአገር ሁሉ የታወቁ ነበሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. እስካረፉ ድረስ ስማቸው ከክራር ጋር ይነሣ ነበር።

ልጅ ሁሉ አዝማሪ ይሁን ማለታችን አይደለም። ሸምበቆ ለክቶ የቆረጠ ልጅ መለካትን ይማራል። ክር የቃኘ ልጅ ማዳመጥን ይማራል። ተራውን ጠብቆ የነፋ ልጅ ከሰው ጋር መሥራትን ይማራል። ይህ ለገበሬም፣ ለአናጢም፣ ለሐኪምም ይጠቅማል።

ጥንቃቄ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ላላነበቡትም ንገሩ።

የፀረ ተባይ ወይም የአረም መድኃኒት የነበረበት ጣሳ፣ ጠርሙስ ወይም ጄሪካን ለልጅ መጫወቻ ፈጽሞ አይሰጥ። ቢታጠብም መርዙ ተጠርጎ አይወጣም። ልጁ አፉን አድርጎ ቢነፋበት ሊመረዝ ይችላል። በመድኃኒት የታሸ ዘርም በቅል ውስጥ ተጨምሮ መንቀጫ አይሁን። ለመንቀጫ ንጹሕ ባቄላ ወይም ጠጠር ይበቃል። ለሕፃን ከሆነ አፉ በደንብ ይደፈን፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ይውጣልና።

በዛገ ቆርቆሮ የተቆረጠ ልጅ ቁስሉ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ለማወቅም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ከገበያ የሚገዙ፣ ቁልፍ ሲጫኑ ራሳቸው የሚዘፍኑ የፕላስቲክ መጫወቻዎች አሉ። አንዳንዶቹ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለቻቸው። ልጅ ይህችን ባትሪ ከዋጠ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥለው ትችላለች። ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሌላም ጉድለት አለባቸው። መጫወቻው ብቻውን ከዘፈነ ልጁ ምን ይሠራል? ተቀምጦ ያያል እንጂ አይማርም።

ስለ ከብቱ ጥበቃስ? ማሲንቆው ለማታ ይሁን። ዋሽንቱ ለሜዳ ይሁን። ዋሽንት የሚነፋ እረኛ አፉና ጣቱ ቢያዙም ዓይኑ ነፃ ነው፤ ከብቱን ያያል። አባትና እናት ጊዜውን ቢወስኑለት ቡቃያውም ይድናል፤ ልጁም ይማራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከበሮ ላይ የተበተነው ጤፍ ለምን ይዘላል?
2. የክርን ድምፅ የሚያቀጥኑ ሦስት ነገሮችን ተናገሩ።
3. መብረቅ አይታችሁ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ 6 ሴኮንድ ቢሆን መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደቀ?
4. በቤታችሁ ካሉት ባዶ ዕቃዎች ለልጅ መጫወቻ የማይሆኑት የትኞቹ ናቸው? ዛሬውኑ ከልጆች አርቁአቸው።
5. በሠፈራችሁ ዋሽንት ወይም ክራር መሥራት የሚያውቅ ሽማግሌ አለ? ልጆች ከእሱ እንዲማሩ ምን ማድረግ ይቻላል?